ከብሎኩ በፊት እዚህ ማን ነበር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጋራ መኖሪያ ቤቶች የጻፋችሁትን አነበብኩት። ውሃው፣ ትራንስፖርቱ፣ የሊፍቱ ነገር፣ ሁሉም ልክ ነው። ግን እኛ ኮዬ ፈጬ የምንኖረው ባዶ ሜዳ ላይ የሰፈርን አስመሰላችሁት፤ ከብሎኩ በፊት እዚህ ማን እንደነበረ አንድ መስመር እንኳን የለም።

ሰሞኑን ታይነም ስለምትባል ሚጢጢ የእንግሊዝ ገጠር መንደር እያነበብኩ ነበር። ያለችው በደቡብ፣ ዶርሴት ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1943 ታኅሣሥ፣ ገና ሊከበር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጦሩ ለልምምድ ፈልጓታል ተብሎ ወደ 225 የሚሆኑት ነዋሪዎቿ ወጡ። ከጦርነቱ በኋላ እንመለሳለን ብለው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «አደራ፣ መንደራችንን በደንብ ያዙልን» የሚል ማስታወሻ ለጥፈው ሄዱ። መንግሥታቸው ግን አደራ በላ፤ በ1948 ቦታውን ጠቅልሎ ወሰደው፣ እስከ ዛሬም የጦሩ ነው። እንግዲህ ፈረንጅ ሁሉ ጻድቅ ነው እያልኩ አይደለም።

የገረመኝ ሌላው ነው። ቤቶቹ ጣሪያቸው ወልቆ ግድግዳቸው ብቻ ቢቀርም፣ ጦሩ ተኩስ በማያደርግባቸው ቀናት ሰው ገብቶ ይጎበኛቸዋል፣ የትኛው ቤት የማን እንደነበረም ተጽፎ ይነበባል። ልጅ አንሶት ገና በ1932 የተዘጋው ትምህርት ቤት ሳይቀር ተጠግኖ ኤግዚቢሽን ሆኗል።

እኛ ጋስ? እዚሁ የቀሩ አንድ አዛውንት አሉ፣ ከብቶቻቸውን በብሎኮቹ መሃል ይነዳሉ። መኪና የምናቆምበት ጋ ሲደርሱ በዱላቸው መሬቱን ነካ ነካ እያደረጉ «አውድማችን እዚህ ነበር» ይሉኛል፣ ከዚያ ጤፉ የት፣ ሽምብራው የት፣ የማን ግቢ ከማን ጋር ይዋሰን እንደነበር ይዘረዝሩታል። በክረምት ጫማችንን የሚያስቀረው መረሬ፣ ስንረግመው የምንውለው፣ ለእሳቸው የጓዳቸው እህል ነበር። ካሳው በቂ ነበር አልነበረም የሚለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ስማቸውን መጻፍ ግን ምን ያስወጣል?

ስለዚህ የከተማውን ዳር መንደሮች ታሪክ ከነባሮቹ አንደበት የምታወጡበት አንድ አምድ ክፈቱልን። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሰሌዳ እኛ ጎረቤቶች እናዋጣለን። የምትልኩት ጋዜጠኛ ኦሮምኛ የሚችል ይሁን፣ አዛውንቱ ወጉ የሚጥማቸው በሱ ነው። ጠዋት ቢመጣ ይሻላል፤ ከረፋዱ በኋላ ከብቶቹን ውሃ ሊያጠጡ ስለሚወርዱ አያገኛቸውም።

ከኮዬ ፈጬ ነዋሪ