የኤሌክትሮኒክስ ክበብ፦ ከዜሮ በታች የወረደችው መስመር

«ይሄ ክበብ ሽቦ ከመፈታታት በቀር ምን ሠራ?» ሲባል እሰማለሁ። መልሱ አትክልት ቦታው ጋ ነው። ሮቶው ሲጎድል ፓምፑ ራሱ ይነሳል፤ ሲሞላ ራሱ ይቆማል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት በኛ ሰፈር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

በየረቡዑ ተገናኝተናል። ብየዳ ተለማምደናል፤ በወላጆች ቀንም ሥራችንን አሳይተናል።

ያስቸገረን ፓምፑ ነው። ፓምፑን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ የአርዱዊኖ ቦርድ፣ ሁለት ተቃጠለብን። ሞተሩ ላይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አድርገንለታል፤ ግን የሮቶው ሴንሰር የገባበት የቦርዱ እግር (ፒን) አልተረፈም። ረጅሙ የሴንሰር ሽቦ ከሞተሩ ገመድ ጋር ተጠግቶ ነው የሚሄደው። ምን እንደሚሸከም ለማየት ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም የቮልቴጅን መውጣትና መውረድ በስክሪን ላይ በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤታችን የለውም። አንድ ቅዳሜ ፓምፑንና ሽቦውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘን፣ ከቱሉ ዲምቱ በሁለት ታክሲ አምስት ኪሎ ሄድን። እዚያ አንድ ቤተ ሙከራ ተፈቅዶልን ነበር።

ፓምፑን አጠፋነው። ስክሪኑ ላይ መስመሯ ለቅጽበት ቁልቁል ወርዳ ተመለሰች። አንዲት ዝምተኛ የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ጠጋ ብላ ካሬዎቹን ቆጠረች። «ቲቸር፣ ከዜሮ በታች እኮ ነው! እኛ የጠበቅነው ከላይ ብቻ ነው!» እውነቷን ነው። ሁላችንም የፈራነው ከ5 ቮልት በላይ እንዳይመጣ ነበር።

እኔ ተራ ዳዮድ ከፒኑ ወደ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) እናድርግ አልኩ። እሷ ግን የቦርዱን ቺፕ መግለጫ አንብባ መጥታለች። ቺፑ ከዜሮ በታች የሚችለው 0.5 ቮልት ብቻ ነው። ተራው ዳዮድ በደንብ የሚያስተላልፈው 0.6፣ 0.7 ላይ ሲደርስ ነው። «እሱ እስኪከፍት ፒኑ ያልቃል» አለችኝ። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያች ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ትንሽ ነው።

0.3 ቮልት አካባቢ የሚከፍተውን ሾትኪ ዳዮድ ከተበላሹ የስልክ ቻርጀሮች ፈታን። ካቶዱን (የመውጫ ጫፉን) ፒኑ ላይ፣ አኖዱን (የመግቢያ ጫፉን) ግራውንድ ላይ በየድን። ከሽቦው ወደ ፒኑ መግቢያ ደግሞ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባን። ከዜሮ በታች 5 ቮልት ቢመጣ እንኳ በሬዚስተሩ የሚያልፈው ከግማሽ ሚሊ አምፔር አይበልጥም። ከዚያ ወዲህ አንድም ቦርድ አልሞተም።

የታክሲውን ከኪሳችን ከፈልን። የተቃጠሉትን ቦርዶች የተካ ግን የለም። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ለከርሞ ያገለገለ ኦሲሎስኮፕ እንዲያስብልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቤት ውስጥ የተበላሸ ቻርጀር ያላችሁም አትጣሉት፤ ቤተ ሙከራው በር ላይ ካርቶን አስቀምጠናል።