የኮምፒውተር ክበባችን ዓመት፦ «ተቃጥለዋል» የተባሉት ማሽኖች

የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክበብ በ2017 ዓ.ም. ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ አባላቱን ይዞ ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ከርሟል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የጽሕፈት ልምምድ ተደርጓል፤ የቤተ መጻሕፍቱ የመጻሕፍት ዝርዝርም ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። ስለ እነዚህ ብዙ አልጽፍም። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የወሰደውና ተማሪዎቻችን በእጅጉ የበሰሉበት ሥራ ሌላ ነው።

መስከረም ላይ የኮምፒውተር ክፍሉ ሲከፈት ከማሽኖቹ ብዙዎቹ አልነሳም አሉ። አንዳንዶቹ ጥቁር ስክሪን ላይ መልእክት ጽፈው ይቆማሉ። ሌሎቹ ዊንዶውስን መጫን ጀምረው ሰማያዊ ስክሪን ያሳዩና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳሉ። አንዱ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ለጥገና ተወስደው የነበሩት «ማዘርቦርዳቸው ተቃጥሏል» ተብለው ተመልሰዋል፤ ማዘርቦርድ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚገናኙበት ዋናው ሰሌዳ ነው። በአንድ ክረምት ይህን ያህል ማዘርቦርድ አብሮ ይቃጠላል ብሎ መቀበል ግን ይከብዳል።

ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችን በፊት እያንዳንዱ ማሽን የሚያሳየውን ነገር ሁሉ በደብተር እንዲጽፉ አባላቱን አዘዝኩ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከስክሪኑ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 የሚል ቀን ገለበጠችና ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰችው፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ሆነ። «መምህር፣ ይሄ ሰዓት እኔ በተወለድኩበት ዓመት ላይ ነው ያለው» አለችኝ። የችግሩ ጫፍ የተያዘው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ኮምፒውተር ሲጠፋም ሰዓቱንና የአነሳሱን ቅንብር፣ ማለትም ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳና ዲስኩን በምን ዘዴ እንደሚያነብ፣ የሚያስታውስበት ትንሽ ማኅደረ ትውስታ አለው። ሲሞስ ይባላል። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ኤቲ ኮምፒውተር ለዚህ የተጠቀመበት የሞቶሮላ ቺፕ በጠቅላላው 64 ባይት ብቻ ነበረው። በአሁኑ የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል ብዙውን ጊዜ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ያ ቺፕ የሚይዘው 21 ፊደል ብቻ ይሆን ነበር፤ ሰዓቱንም ጨምሮ! ተማሪዎቹ ይህን ሲያሰሉ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

ይህን ማኅደር በሕይወት የምታቆየው በማዘርቦርዱ ላይ ያለች ክብ የሰዓት ባትሪ ናት። ሲአር2032 የሚለው ስሟ መጠኗን ይናገራል፦ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ማሽኑ ኮረንቲ ላይ እንደተሰካ ከሆነ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓቱ የሚመገበው ከመስመሩ ነው፤ ሲነቀል ግን ሸክሙ ሁሉ በባትሪዋ ላይ ይወድቃል። የጅማ ክረምት መብረቅ ስለማይታመን በየዓመቱ ሁሉንም ነቅለን እንዘጋለን፤ ማድረግም ያለብን ይህንኑ ነው። ማሽኖቹ አብረው የተገዙ፣ ባትሪዎቻቸውም አብረው ያረጁ ስለሆኑ አብረው ደከሙ፤ ሰዓቱና ቅንብሩም ወደ ፋብሪካው መነሻ ተመለሱ። አዲስ ባትሪ 3 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ የእኛዎቹ በመልቲሜትር ሲለኩ ከዚያ በብዙ ወርደው ተገኙ።

ባትሪ መቀየሩ ግን ሥራውን አልጨረሰውም። ሰማያዊው ስክሪን በአንዳንዶቹ ላይ እንዳለ ነበር፤ ከታችም በ7ቢ የሚያልቅ የስሕተት ቁጥር ይነበባል። ትርጉሙ ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ መድረስ አልቻለም ማለት ነው። ሲበራ የዴሊት ቁልፍ ተጭነን ወደ ቅንብሩ ስንገባ፣ ዊንዶውስ ሲጫን ኤኤችሲአይ በሚባለው አዲሱ የዲስክ ማንበቢያ ዘዴ ላይ የነበረው የሳታ (የዲስክ ማገናኛ) ቅንብር ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ፣ አይዲኢ ወደሚባለው የቆየ ዘዴ፣ ተመልሶ አገኘነው። ያችው ተማሪ መስመሩን ወደ ኤኤችሲአይ መልሳ፣ አስቀምጣ ወጣች። ዊንዶውስ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተነሳ። ዲስኩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ያን ብናደርግ የተማሪዎች ሥራ ሁሉ ያለ ምክንያት ይጠፋ ነበር።

ምንም የማያሳየው ማሽን ደግሞ ቅንብሩን ጨርሶ ማጽዳት አስፈለገው። ከኮረንቲ ተነቀለ፤ ውስጡ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ የማብሪያ ቁልፉ ተጫነ፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ጃምፐር የምትባል ትንሽ ማገናኛ ለጥቂት ሰከንዶች ወደ ማጽጃው ቦታ ተዛውራ ተመለሰች። ስክሪኑ በራ።

ወሬው ወጥቶ የአንድ ተማሪያችን አባት፣ የቡና ነጋዴ ናቸው፣ የሒሳብ ኮምፒውተራቸውን ይዘው መጡ። ማሽኑ ሲነሳ «ቼክሰም ኤረር» ይላል። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ፣ ኮምፒውተሩ ቅንብሮቹን ደምሮ ቀድሞ ከተመዘገበው ድምር ጋር እንደሚያስተያይ አስረዳቸው። «ድምሩ ካልተስማማ እኔም ደብተሩን አላምነውም» አሉት። መምህር ከዚህ የተሻለ አያስረዳም።

አንድ ነገር ግን በክበቡ ውስጥ ከልክያለሁ፤ ወደፊትም እከለክላለሁ። ባዮሱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ በአዲስ ስሪት መተካት በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ በሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ካልሆነ አይሞከርም። በጅማ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ አዲሱን ስሪት መጻፉ መሐል ላይ ከተቋረጠ ደኅና የነበረ ማዘርቦርድ ከናካቴው ላይነሳ ይችላል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የኃይል ሳጥንም ማንም አይከፍትም፤ ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል።

ሁለት ማሽኖች በእርግጥም ተበላሽተው ተገኝተዋል፤ ሜሞሪያቸውና ዲስካቸው ለሌሎቹ ውሏል። የቀሩት ሁሉ እየሠሩ ነው። በሰኔ ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊት አባላቱ የእያንዳንዱን ማሽን ቅንብር በወረቀት ገልብጠው በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፈዋል፤ ትርፍ ባትሪዎችም በክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። በ2018 ዓ.ም. መስከረም የክበቡ የመጀመሪያ ሥራ ቀናቱን ማስተካከል ነው፤ ቀኑ የተሳሳተ ማሽን ብዙ ድረ ገጾችን ለመክፈት እምቢ ስለሚል። አዲስ አባል መሆን የምትፈልጉ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ።