ፋይላችን በራሳችን ቁልፍ፦ የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የአይሲቲ ክበብ ዘንድሮ በወላጆች በዓል ላይ የሚያሳየው ሮቦት አልሠራም፤ ያመጣው ዋንጫም የለም። በክበባት ግምገማ ላይ «ዓመቱን ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር?» ተብለን ነበርና፣ ያኔ ጊዜ ያጠረውን መልስ እዚህ በዝርዝር አቀርበዋለሁ። የሠራነው አንድ ነገር ነው። ተማሪዎቻችንና ቤተሰቦቻቸው የግል ሰነዳቸውን፣ ፎቷቸውንና ኢሜይላቸውን ያለ ክፍያ የሚመሰጥሩበትን፣ ማለትም ቁልፉ ከሌለው ማንም እንዳያነበው የሚያደርጉበትን ቀላል መሣሪያ መረጥን፣ ሞከርን፣ አስተማርን። በሥራውም፣ በልጆቹም እኮራለሁ።

ምክንያቱን ደሴ የኖረ ሰው አያጣውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ስንቱ ቤተሰብ የትምህርት ማስረጃውንና የቤት ካርታውን ጥሎ እንደወጣ እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ በአካባቢዬ የማውቀው ሰው ሁሉ ሰነዱን ስካን አድርጎ በፍላሽ ወይም በስልኩ ይዟል። መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ፍላሽ ይወድቃል፣ ስልክም ይሰረቃል። በቴሌግራም ለራሳችን የምንልከው ፋይልም ቢሆን በድርጅቱ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ነው። ከቴሌግራም የጽሑፍ ውይይቶች መካከል ላኪና ተቀባይ ብቻ እንዲያነቡት ሆኖ የሚመሰጠረው «ሚስጥራዊ» የተባለው ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከተማሪዎቻችን አንዱም ከፍቶ አያውቅም ነበር። በ2016 ዓ.ም. ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃችንን የሚይዙ ተቋማት ላይ ግዴታ ይጥላል። በኪሳችን ያለውን ፍላሽ ግን ከእኛ በቀር የሚጠብቅልን የለም።

«ልጆቹን ከወላጅ መደበቅ ልታስተምሯቸው ነው?» ያሉን ወላጅ ነበሩ። «ጠላፊ ታፈራላችሁ» ያለ ባልደረባም አለ። ሥጋታቸውን አከብራለሁ፤ ሆኖም ልጁ የተማረውን ማታ ቤት ገብቶ ለእናቱ ሰነድ ሲያውለው ያዩ ወላጆች በኋላ ራሳቸው ክበቡ በር ላይ ቆመው ጠብቀውናል። ባንክ የደንበኞቹን ሒሳብ ሲመሰጥር «ምን የሚደብቀው አለ?» ያለው የለም።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች እንደ ወትሮው በምርጫ፣ በደንብና በመዋጮ ክርክር አለፉ። ትምህርቱን የጀመርነው በወረቀትና በእርሳስ ነው፤ ለ9ኛ ክፍል አባላት በፊደላችን ሚስጥር እንዲጽፉ ሰጠኋቸው። እያንዳንዱ ፊደል ወደሚቀጥለው ሆሄ ይሻገራል፦ ግዕዙ ካዕብ፣ ራብዑ ኃምስ፣ ሳድሱ ሳብዕ ይሆናል። «ሰላም» የሚለው «ሱሌሞ» ሆኖ ይወጣል። ልጆቹ ማንም የማይፈታው ነገር ያገኙ መስሏቸው ደብዳቤ ሲለዋወጡ ሰነበቱ። አንዲት ልጅ ግን የሌላውን ቡድን ወረቀት ገና እንዳየች ፈታችው። እንዴት አወቅሽ ስላት «ቲቸር፣ የእኛ ጽሑፍ የሚሞላው በሳድስ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሳብዕ በዛ» አለችኝ። ከጥንት ጀምሮ ሚስጥር ፈቺዎች የሚሠሩበትን መንገድ፣ የፊደል ድግግሞሽ መቁጠርን፣ ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት። ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ የተፈጠረ ምስጠራ ለምን እንደማይታመንና ዓለም በአደባባይ የፈተነውን ስልት ለምን እንደምንጠቀም ማስረዳት አላስቸገረኝም። ኤኢኤስ የተባለው ስልት የሁለት ቤልጂየማውያን ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ከመሆኑ በፊት ለዓመታት የዓለም ባለሙያዎች ሊሰብሩት ሞክረው አልተሳካላቸውም።

መሣሪያውን ለመምረጥ መመዘኛ ያወጡት ተማሪዎቹ ናቸው። ነፃ መሆን አለበት። ኮዱ ለማንም ክፍት ይሁን። ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፤ በእኛ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይም ይነሳ። የመጨረሻው መመዘኛ የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው፦ «እናቴ ብቻዋን ልትከፍተው ትችላለች?» ብዙዎቹን መሣሪያዎች የጣለው ይህ ጥያቄ ነው።

ቬራክሪፕት የተባለው ነፃ የመመስጠሪያ ፕሮግራም ብርቱ ነው፤ የዲስኩን አንድ ክፍል እንዳለ ይቆልፋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ባለቤቶቹ በድንገት የተዉትን ትሩክሪፕት የተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም የተካው እሱ ነው። ላፕቶፕ ላለው መምህር ከልብ እመክረዋለሁ። ከፍላሽ ላይ ለማስነሳት ግን የኮምፒውተሩን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያንን ፈቃድ ደግሞ በሰው ኮምፒውተር ላይ የሚሰጠን የለም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ቢትሎከር የተባለው የዲስክ መቆለፊያም ለቤት በሚሸጠው የዊንዶውስ እትም ላይ ሙሉ ሆኖ አይገኝም። በመጨረሻ ድምፅ ያገኘው ፋይሎችን በአንድ ላይ አጭቆ በኤኢኤስ የሚቆልፈው ሰቨን-ዚፕ ነው። ኢጎር ፓቭሎቭ የተባለው ሩሲያዊ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ያቀርበዋል፤ ማውረጃው ከ2 ሜጋባይት ስለማይበልጥ በብሉቱዝ ሳይቀር ተዳርሷል። ሁለት ነገሮችን ግን በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፈን ለጥፈናል። ፋይሉ በዚፕ ሳይሆን በሰቨን-ዜድ ዓይነት ይቀመጥ፤ የዚፕ የቆየው ምስጠራ ደካማ ነው። «የፋይሎቹንም ስም መስጥር» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ይደረግ፤ ያለዚያ ውስጡ ባይነበብም «ፓስፖርት» የሚለው ስም ከውጭ ይታያል።

መቆለፊያው ጠንካራ ሆኖ የይለፍ ቃሉ የእግር ኳስ ቡድን ስም ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ የዓመቱን ትልቅ ሥራ ሠራን፤ 1296 የአማርኛ ቃላት ያሉት የራሳችን መዝገብ። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ባለ ስድስት ገጹን የሉዶ ጠጠር አራት ጊዜ ሲጥሉት 1296 ዓይነት ውጤት ሊወጣ ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ ውጤት አንድ ቃል ተመድቧል። ስድስት ቃል ለማግኘት እንዲሁ ስድስት ጊዜ ይደገማል። ለምሳሌ «ከበሮ ጎመን ድልድይ ምንጣፍ ቁራ ልጓም» ሊወጣ ይችላል፤ እዚህ የታተመውን ግን ማንም እንዳይጠቀምበት። የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ሲያሰሉት እንዲህ ያለው ስብስብ ከ4 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ዓይነት ሊኖረው ይችላል። ሰቨን-ዚፕ ደግሞ እያንዳንዱን የይለፍ ቃል ከግማሽ ሚሊዮን ጊዜ በላይ በሚደጋገም ስሌት ስለሚያሳልፈው፣ በግምት ሊገባ የሚሞክረውን ያዘገየዋል።

መዝገቡን ስናዘጋጅ ያልጠበቅነው ክርክር ተነሣ። «ፀሐይ» በስንት ዓይነት ይጻፋል? ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ። አንዱ ሆሄ ቢለወጥ ፋይሉ አይከፈትም። ስለዚህ እነዚህ ሆሄያት ያሉባቸው ቃላት በሙሉ ወጡ። የአማርኛ የፊደል ገበታ የሌለው ኮምፒውተር ስላለም ለእያንዳንዱ ቃል የላቲን አጻጻፉ ተወስኖ አጠገቡ ተቀመጠ። እዚህ ላይ አንድ ጉዳት እንደደረሰብን ልንገራችሁ። መዝገቡ ሳያልቅ የራሱን ቃል በላቲን ፊደል የጻፈ አንድ አባላችን አጻጻፉ ጠፍቶበት የሴሚስተሩን ማስታወሻ ሳያገኘው ቀረ። የይለፍ ቃሉን የሚያስመልስ ቢሮ የለም። ከዚያ በኋላ ቃላቱን በወረቀት ጽፎ ቤት ማስቀመጥ የክበቡ ደንብ ሆነ።

አሁን ሰፋ አድርጌ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ። በየካቲት ወር የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይዘን ፒያሳ አካባቢ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶችን ጎበኘን። የደንበኛ ፋይል ከታተመ በኋላ የት ይገባል? ጥያቄያችን ይህ ነበር። አንዱ ባለቤት «ከፍቼ ላሳያችሁ» ብለው ኮምፒውተራቸውን አዞሩልን። ሥዕሉ እስከማይታይ ድረስ ፋይል የወረረው ስክሪን ነው። «ሲቪ አዲስ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ እንዲሁም «ሳዑዲ» የሚል ማህደር። ለምን እንደማያጠፉት ስንጠይቃቸው «ተመልሶ ‹ጠፋብኝ፣ እባክዎን› የሚለኝ ብዙ ነው፤ ስንቱን ከመጉላላት አድኜበታለሁ» አሉን። እውነታቸውን ነው። ሰውዬው ፋይሉን የያዙት በክፋት ሳይሆን በደግነት ነው።

«ሳዑዲ» የሚለውን ማህደር ሲከፍቱት አንድ የ11ኛ ክፍል አባላችን ዝም አለ። ሌሎቹ ወደ ቀጣዩ ቤት ሲወጡ እሱ ወደኋላ ቀረና «ጋሼ፣ ይህች እህቴ ናት» አለ። ፓስፖርቷ፣ የጤና ምርመራዋ፣ ለኤጀንሲ ቆማ የተነሣችው ሙሉ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ባለቤቱ ወንበራቸውን ለቀቁለትና «ና ቁጭ በል የኔ ልጅ፣ በእጅህ አጥፋው» አሉት። እሱ ግን ከማጥፋቱ በፊት አንድ ቅጂ በፍላሹ እንዲወስድ ፈቃድ ጠየቀ፤ ቤት ውስጥ የቀረ ቅጂ አልነበራቸውም።

እህቱ ሪያድ ናት። ፓስፖርቷ ያለው በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ይህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ ብዙ ሴት ልጆቻችን የሚገጥማቸው ነገር ነው። ልጁ ሰነዶቿን በአንድ ፋይል ቆልፎ በቴሌግራም ላከላት። ስድስቱን ቃላት ደግሞ በኢሞ ደውሎ አንድ በአንድ አስያዛት፤ ፋይሉና ቁልፉ በአንድ መንገድ እንዳይሄዱ ያስተማርነው ነው። በስልኳ ላይ ዛርካይቨር የተባለውን ነፃ መተግበሪያ አውርዳ ከፈተችው። የመለሰችለትን የድምፅ መልእክት በእሷ ፈቃድ ለክበቡ አሰማን። «ፓስፖርቴን ካየሁት ዓመት አለፈኝ፤ ቁጥሩን አሁን በቃሌ ልይዘው ነው» ትላለች። ከፍታ ያየችውን ቅጂ እስካጠፋች ድረስ ስልኳን ማንም ቢፈትሽ የሚያገኘው የማይከፈት ፋይል ነው። ይህን ታሪክ የጻፍኩት ልጁም እህቱም ፈቅደውልኝ፣ ስማቸውን ትቼ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያስተማርኩት ይህን አንድ ፋይል ብቻ ቢያስልክ ኖሮ ይበቃኝ ነበር።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ «ሥራዎን ሲጨርሱ ፋይልዎ እንዲጠፋ ይጠይቁ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈናል። ባለቤቱ እስካሁን አላነሱትም፤ እንዲያውም በፕላስቲክ ሸፍነውታል።

ስለ ኢሜይል ባጭሩ። ፊል ዚመርማን በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ፒጂፒ የተባለ የኢሜይል መመስጠሪያ ከፍተኛ ክፍሎች ተምረውታል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተንደርበርድ በተባለው ነፃ የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ አብሮ ስለሚገኝ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም። ሐሳቡ የተከፈተ ጓጉንቸር ለሰው ሁሉ አድሎ መክፈቻውን በኪስ እንደማስቀረት ነው፤ ማንም ይቆልፍልሃል፣ የምትከፍተው አንተ ብቻ ነህ። አባሎቻችን የቁልፋቸውን ባለ 40 ፊደል መለያ በካርድ ጽፈው ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ እጅ በእጅ ተለዋወጡ፤ በመካከል የገባ ሰው የራሱን ቁልፍ እንዳያቀብላቸው ነው። ይሁን እንጂ ፒጂፒ የሚሠራው ተቀባዩም ሲኖረው ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተደረገ አንድ የታወቀ ሙከራ ከ12 ሰዎች መካከል በ90 ደቂቃ ውስጥ መልእክቱን በትክክል ፈርመውና መስጥረው መላክ የቻሉት ሲሶው ብቻ ነበሩ። ዛሬ ቀልሏል፤ ለነፃ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ግን የፒጂፒ ቁልፍ የለውም። የክበቡ ውሳኔ ይህ ነው፦ ተቀባዩ ፒጂፒ ካለው በእሱ ላኩ፤ ከሌለው አስቀድማችሁ ተነጋግሩና ሰነዱን በሰቨን-ዚፕ ቆልፋችሁ አያይዙ፣ ቃሉን በስልክ ንገሩ። ኢሜይሉ ከማን ወደ ማን፣ መቼ እንደተላከ ግን በሁለቱም መንገድ አይሸፈንም።

ያልተሳካልን አለ። ከመጋቢት ጀምሮ ቤተ ሙከራው ለ12ኛ ክፍል የኦንላይን ፈተና ዝግጅት ተፈልጎ ክበባችን ያለ ኮምፒውተር ቀረ። ፈተናው ይቀድማል፣ አንቃወምም፤ ነገር ግን ከጎኑ ተቆልፈው የተቀመጡትን የተበላሹ ኮምፒውተሮች ጠግነን እንድንጠቀም ያቀረብነው ማመልከቻ እስካሁን መልስ አላገኘም። ለመምህራን ልንሰጥ ያሰብነውን ሥልጠናም መብራት ሁለት ጊዜ አስተጓጉሎብን ለመጪው ዓመት አዛውረነዋል። በጀታችን ከማርከርና ከወረቀት አላለፈም።

ከጉብኝቱ ስንመለስ ያው የ11ኛ ክፍል ልጅ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አነሣ፦ «ቲቸር፣ ቆልፈን ብንወስደውም ለማተም ስንከፍተው ያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል አይደል?» ልክ ነው። ሰቨን-ዚፕ ፋይሉን ለመክፈት ጊዜያዊ ቅጂ በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል፤ የታተመውም ወረቀት የሚያልፈው በሰው ማሽን ነው። ለዚህ ሶፍትዌር መፍትሔ አይሆነውም፤ መፍትሔው የምናምነው ማተሚያ ነው።

ስለዚህ ለወላጅ ኮሚቴውና በውጭም በአገር ውስጥም ላላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ስካን የሚያደርግ ጥቁርና ነጭ ማተሚያ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ፣ እንዲሁም ለአዳዲስ አባላት የሚሆኑ ፍላሾች ናቸው። ማተሚያው በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጦ፣ ማንኛውም ተማሪና ወላጅ ሰነዱን በክበቡ አባላት እገዛ አትሞና ቆልፎ እንዲወስድ የአሠራር ደንብ አዘጋጅተናል፤ ርዕሰ መምህሩም በቃል ተስማምተዋል። መርዳት የምትፈልጉ በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በኩል አግኙን። የ1296 ቃላቱ መዝገብ ከቤተ መጻሕፍቱ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ በነፃ ይወሰዳል፤ የአዲስ አባላት ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀመራል።