ንግሥቷን ቀድመህ አውጣት

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? ስልክ ላይ ነገሩን ሳነሳው «እሺ፣ እሺ» ብለህ ወሬ ስለምትቀይርብኝ በቴሌግራም ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ስለ ቼዙ ነው። ልጁ ነቅቷል። ባለፈው ቅዳሜ ከለገጣፎ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «እማ፣ አያቴ እኮ ሆን ብሎ ነው የሚሸነፍልኝ» አለኝ። «እንዴት አወቅክ?» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ አንድ ወታደር ለመግፋት ሻይህ እስኪቀዘቅዝ የምታስበው ሰውዬ፣ ንግሥትህን ምንም ሳታስብ ፈረሱ ፊት አቁመህ «አይ እርጅና!» አልክ አሉ። ትወና አትችልም አባዬ። ድሮም አትችልም።

ይገባኛል፣ የልጅ ልጅ አንጀት ይበላል። እኔን ግን አንድም ቀን ምረኸኝ አታውቅም (ቅሬታ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ነው)።

ችግሩ ልዩነታችሁ ሰፊ መሆኑ ነው። በዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን ስሌት በችሎታ ደረጃ በ400 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ከ11 ጨዋታ የ10 ድል ያህል ውጤት ይጠበቅበታል፣ እናንተ ደግሞ ከዚያም ትራራቃላችሁ። የምርህን ከተጫወትክ ሁሌ ይሸነፋል፣ ከለቀቅክለት ያውቅብሃል።

መላው ቀላል ነው። ጨዋታው ሳይጀመር ንግሥትህን ከሰሌዳው አውጣት፣ ለምን እንዳወጣሃትም በግልጽ ንገረው፣ ከዚያ ምንም ሳትራራ ተጫወት። የኔ ፈጠራ እንዳይመስልህ፤ አሜሪካዊው ፖል ሞርፊ በ1850ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከደካማ ተጫዋች ጋር ሲቀመጥ ፈረሱን ወይም ግንቡን ቀድሞ ያወጣ ነበር። ልጁ ደጋግሞ ሲያሸንፍህ ንግሥቷን መልሰህ ግንብ ታወጣለህ፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ በመጨረሻ አንድ ወታደር ብቻ። ያኔ እሱ ራሱ «መልሳት» ይልሃል፣ እልኸኛ መሆኑን ታውቀው የለ፣ ከማን እንደወረሰው እንኳን አልናገርም።

ደግሞ የድሮውን ሰንጠረዥ፣ የአገራችንን ቼዝ፣ አሳየው። ያ አጀማመሩ ወረራ የሚባለውን፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠበቅ ሁለቱም ባንዴ የሚያንቀሳቅሱበትን። እሱ ላይ እጁ ካንተ ስለሚፈጥን ልቀቅለት ብትል እንኳን ፋታ አይሰጥህም።

ቅዳሜ ከሰዓት እንመጣለን። መንገዱ ስለተቆፈረ ልንዘገይ እንችላለን፣ ምሳ አትጠብቁን። የግፊት መድኃኒትህን ይዤ እመጣለሁ። ይህን መልእክት ግን ለእማዬ እንዳታሳያት፤ «ሕፃኑ ምን አደረገሽ?» ብላ እኔው ላይ ነው የምትዘምተው።