ለአንቺም ክፍል የሚተርፍበት ከተማ

ጅማ፣ ሐምሌ 2017

ይድረስ ለውድ እናቴ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? እህቴ ሐኪሙ ደረጃ አትውጪ ብሎሻል አለችኝ። እባክሽ ስሚው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ትናንት ሌሊቱን ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አደረ፤ ጠዋት አወይቱ ሞልቶ ሰዉ ድልድዩ ጋ ቆሞ ያያል። አንቺ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ስላለሽ፣ ቤትሽን እርጥበት እንዳይጎዳው በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ መስኮቱን እከፍተዋለሁ።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በስልክ ስላቃተኝ ነው። ይሄን የካናዳ ጉዟችንን፣ ቶሮንቶን ትተን ኤድመንተን የመግባታችንን ነገር ባነሳን ቁጥር ወይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ወይ የእኔ ድምፅ ከፍ ይላል። እሁድ ስልኩን ስትዘጊብኝ ቀኑን ሙሉ አንጀቴ ሲላወስ ዋለ። አንቺ ደግሞ የተጻፈ ነገር ታከብሪያለሽ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርሽበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሳታነቢ አታስቀምጪም። ይሄንንም እንደዚያ አንብቢልኝ።

"ቶሮንቶ የአክስትሽ ልጅ እያለች፣ ልጆቼን ማንም ወደማታውቂበት በረዶ ለምን ትወስጃቸዋለሽ?" ነው ያልሽኝ። ጥያቄሽ ትክክል ነው። እኛም ሁለት ዓመት ሙሉ ስናስብ የነበረው ቶሮንቶን ነው። እሷም ምድር ቤቷን ለቅቃልን "ኑ፣ እስክትቋቋሙ እዚህ ኑሩ" ብላናለች። እንዲህ ያለ ልብ ያላት ሰው ናት።

አንድ ቀን ማታ ግን "እስቲ ውሎሽን ንገሪኝ፣ ከጠዋት ጀምረሽ" አልኳት። ነገረችኝ። ከቤት የምትወጣው ልጆቿ ሳይነሱ ነው። አውቶብስና ባቡር ቀያይራ ሥራ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባታል። ባሏ የሚሠራው ሌሊት ነው፤ በወጉ የሚገናኙት እሁድ ብቻ ነው። የአንዳቸው ደመወዝ ለቤት ኪራይ ይሄዳል። "ነይ፣ ደስ ይለኛል፤ ግን አብረን ቡና የምንጠጣው በወር አንዴ ቢሆን ነው" አለችኝ። ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ሰው አለ ብዬ የምሄድበት ከተማ፣ ሰውየዋ ራሷ ጊዜ የላትም።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላ ቦታ ማየት የጀመርነው። የተሰጠን የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ በየትኛውም የካናዳ ክፍለ ሀገር እንድንኖር ያስችለናል። ዊኒፔግን አየን፤ ኪራዩ ደህና ነው፣ ብርዱ ግን ከሁሉም ይብሳል። ካልጋሪንም አየን። በመጨረሻ ኤድመንተን ላይ ቆምን።

አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። ሂርማታ ያለውን የአባባን ቤት በስንት ልመና እንደሸጥን ታውቂያለሽ። ለአራት ሰው ቤተሰብ ከ27 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ አሳዩ ተብለን ነው። ብሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በዶላር ፊት ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ፤ እኛ ለዓመታት ያጠራቀምነው ከእጃችን ላይ እንደቀለጠ ቆጠርኩት። አሁን ያለችው ገንዘብ ሥራ እስክንይዝ የምንበላት ናት። ባለቤቴ ቁጭ ብሎ አሰላው። ቶሮንቶ ከስድስት ወር አታልፍም። ኤድመንተን ዘጠኝ ወር ትወስደናለች። ቶሮንቶ ባለ አንድ መኝታ ቤት በሚከራይበት ዋጋ ኤድመንተን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ይገኛል። ለዕቃ በሚከፈለው ላይ የሚጨመረው ግብርም ቶሮንቶ 13 በመቶ ሲሆን እዚያ 5 በመቶ ብቻ ነው። የቤት ዕቃ ስትገዢ ይሄ ይታወቅሻል።

እነዚያ ሦስት ወራት ለእኔ ምን ማለት እንደሆኑ ልንገርሽ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ዲግሪ ለመሄጃው ማመልከቻ ነጥብ አስገኝቶልኛል። እዚያ ነርስ ሆኜ ለመሥራት ግን ብቻውን አይበቃም። ወረቀቴ እንደገና በሌላ አካል ይመረመራል፣ ኤንክሌክስ የሚባል ፈተና አለ፣ የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ለብቻው ነው። ስለዚህ "መጀመሪያ ቶሮንቶ እንግባና ካልተመቸን እንቀይራለን" የሚለው ነገር ለእኔ አይሠራም። ሒደቱን ግማሽ መንገድ ላይ ትቼ ሌላ ቦታ ልቀጥል ብል ወራት ይበላብኛል። ፈቃዱ እስኪገኝ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ እሠራለሁ። ሥራው ያኮራኛል እንጂ አያሳፍረኝም። ግን እዚያው እንዳልቀር እፈራለሁ። ኪራይ አንገታቸውን አንቆ ለፈተናው ማጥኛ ጊዜ ያሳጣቸው፣ ዩኒፎርማቸውን መልሰው ያልለበሱ ጓደኞች አሉኝ። ከእነሱ አንዷ መሆን አልፈልግም፣ እማዬ።

ብርዱን አላቃልልሽም። ክረምታቸው ሲከብድ ከዜሮ በታች 30 የሚደርስበት ሌሊት አለ። ከብርዱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ጨለማው ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ ለምደናል። እዚያ በታኅሣሥ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ትጠልቃለች። ለዚህ ነው ነሐሴ ላይ እንግባ ያልነው። ትምህርት የሚጀምረው በእነሱ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ልጆቹ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ተላምደው ብርዱ ቀስ እያለ ይምጣባቸው። የኛ ቤተ ክርስቲያን አለ። እንጀራም ይሸጣል። የመጀመሪያዋን እሁድ የት እንደምንውል ከወዲሁ አውቀናል።

አንቺስ ከደብረ ማርቆስ ስትመጪ? ወንድምሽ አዲስ አበባ ነበር። እዚያ መቅረት ትችዪ ነበር። አባባ "ጅማ ሥራ አለ፣ ቤትም በርካሽ ይገኛል" ብሎ አመጣሽ። አንድ ሰው አታውቂም፤ ከኦሮምኛ አንድ ቃል አታውቂም። ሁለት ሳምንት እንዳለቀስሽ ነግረሽኛል። ከዚያ ጎረቤትሽ በአጥሩ በኩል "ኮቱ፣ ቡና ዱጊ"፣ ነዪ ቡና ጠጪ፣ ስትልሽ "ቡና" የሚለውን ብቻ ሰምተሽ ሄድሽ። እኔን ያዋለደችሽም እሷ ናት። ይሄን ያነሳሁት ልረታሽ አይደለም። እንዴት እንደሚከብድ ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚያ ሆኜ ስደውልልሽ፣ እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፍሻቸው ትነግሪኛለሽ።

አንድ ነገር ግን አለ። እሁድ አልተናገርሽውም፣ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶሮንቶ ድረስ ይበራል፤ ኤድመንተን አይሄድም። ከቶሮንቶ ሌላ አውሮፕላን ይዞ ወደ አራት ሰዓት ተጨማሪ በረራ አለ። አንቺ ብትታመሚ፣ ከቶሮንቶ ከምመጣው ዘግይቼ ነው የምደርሰው። ይሄን ሳስብ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ለዚህ መልስ የለኝም።

ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ሱፐር ቪዛ የሚሉት አለ፤ ለወላጅና ለአያት የሚሰጥ። አንዴ ከገባሽ እስከ አምስት ዓመት መቀመጥ ትችያለሽ። እኔ በቂ ገቢ እንዳለኝ ማሳየት አለብኝ፤ ለአንቺም ቢያንስ የአንድ ዓመት የጤና መድን መግዛት አለብኝ። ይህን ሁሉ ከምድር ቤት ሆኜ አላደርገውም። ባለቤቴ ወረቀቱን ሲያሰላ "ሁለት መኝታ" ብሎ ጽፎ ነበር። እኔ ሰርዤ "ሦስት" አልኩት። መጀመሪያ በሁለት እንገባለን፣ ፈቃዴን ሳገኝ ሦስተኛውን እንከራያለን። ከተማውን የመረጥኩት ያ ክፍል የሚቻልበትን ስፈልግ ነው። ቶሮንቶ ብዙ ጊዜ ደምሬ ቀንሼ አላገኘሁትም።

በአውቶብስ ከሚመጣው ሰው ጋር ሦስት ኪሎ ቡናና ማር ልኬልሻለሁ። ማሩን እህቴ ለእንግዳ እንዳታወጣው። ትልቋ ልጅ ቡና መቁላት ተለማመድኩ ብላ ሁለቴ አሳርራለች፤ ስትመጪ አሳያት። ነሐሴ ሳይገባ ተመለሽ፤ ካልቻልሽ እኛ አዲስ አበባ መጥተን ሳምንት እናድራለን።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ስለዚያች ሦስት እግር በርጩማሽ ነው፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለችው፣ ቡና ስታፈዪ የምትቀመጪባት። ሻንጣ ውስጥ ትገባለች፣ ለክቼያታለሁ። ይዣት ልሂድ ወይስ ስትመጪ ራስሽ ታመጫታለሽ? መልሱን በስልክ አትንገሪኝ። ጻፊልኝ።

ልጅሽ