ቁልፉን ለምን አንገቴ ላይ እንደማስር

ሚሚዬ፣

ይሄን ነገር በቴሌግራም በድምፅ ልልክልሽ ሦስቴ ሞክሬ ሦስቴም አጠፋሁት። ድምፄ ይሰበርብኛል፣ አንቺ ደግሞ ትደነግጫለሽ። ስለዚህ ልጻፈው። ፊደሌን ታውቂዋለሽ፣ ስህተቱን እለፊው።

ከጥቅምቱ የመኪና አደጋ ወዲህ ለፋሲካ የመጣሽ ጊዜ አብረን ገበያ ስንሄድ ሁለት ሚኒባስ አሳለፍሽ። "ሞልቷል" አልሽኝ። አልሞላም ነበር፤ የቀረው ቦታ የመስኮት በኩል ስለነበር ነው። አየሁሽ። ሌሊት ደግሞ ሰባት ሰዓት ላይ ስነሳ ስልክሽ ይበራል። "ምን ሆነሽ ነው?" ስልሽ "ምንም፣ ደህና ነኝ" አልሽኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ተመልሼ ተኛሁ፣ መተኛት ከተባለ። ያቺን "ደህና ነኝ" በደንብ አውቃታለሁ። ከኔ ነው የወረስሻት።

ስመለስ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ኅዳር 2006። ያን ሰሞን ከሳውዲ 160 ሺህ ገደማ ሰው ነው የተመለሰው፣ እኔም አንድ ፌስታል ይዤ ቦሌ ወረድኩ። አንቺ አያትሽ ቀሚስ ኋላ ተደብቀሽ "ሰላም ነሽ አክስቴ" አልሽኝ። ከዚያ አደግሽና "እማ፣ ሳውዲ እንዴት ነበር?" ማለት ስትጀምሪ "ሆድ ይፍጀው" እያልኩ አለፍኩሽ። ጠንካራ እናት የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሆዴ ግን ሊፈጀው አልቻለም።

የቤቱን ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ ሳስር ሁልጊዜ ትስቂብኛለሽ። "እማ፣ ቁልፍ ነው ማተብ?" ትይኛለሽ። እንግዲህ ስሚ።

ስሄድ ማተቤን ፈትቼ ነው የሄድኩት። ደላላው ፓስፖርቱ ላይ ስሜን ፋጡማ አስባለው፣ "እንዲህ ካልሆነ ቪዛ አይመታም" ብሎ። አምስት ዓመት ፋጡማ ተባልኩ። ሪያድ የገባሁበት ቤት ማዳም ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች። ቁልፉ ሁለቴ ነው የሚዞረው፤ ቀጭ፣ ቀጭ። አንድ ቀን ምድጃው ላይ ዘይት ተያያዘ። ጭሱ ኩሽናውን ሞልቶ ወደ ሳሎን ወጣ። በሩን እየደበደብኩ ማንን እንደጠራሁ ታውቂያለሽ? አንቺን። የአምስት ዓመት ልጅ ከኮልፌ መጥታ በር የምትከፍትልኝ ይመስል። በመጨረሻ ብርድ ልብስ ውኃ ውስጥ ነክሬ አፈንኩት። ማዳም ማታ መጣችና ግድግዳው ጠቆረ ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ጠፋሁ። ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ መንፉሃ የሚባል የሪያድ ሰፈር ውስጥ ከሰባት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ስንኖር ቆይተን አፈሳው መጣ፤ እሱን ሌላ ጊዜ አወራሻለሁ።

ከተመለስኩ በኋላ ጎረቤት ቁልፍ ባዞረ ቁጥር የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። ኮልፌ ቁጭ ብዬ ሪያድ ነኝ። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ "ስንት ይዘሽ መጣሽ?" ነው የሚሉኝ፣ ምን ሆንሽ ያለኝ የለም። እኔም ብጠየቅ አልናገርም ነበር።

አራት ዓመት ቆይቶ ለተመላሾች ምክር የሚሰጥበት ቦታ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሄድኩት የልብስ ስፌት መኪና ይሰጣሉ ስለተባለ ነው። እዚያ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ መሬት ላይ ገመድ ዘረጋችልኝ። ጎኑ ላይ የፕላስቲክ አበባና ድንጋይ አስቀመጠች። "ገመዱ ሕይወትሽ ነው፣ ከተወለድሽበት ጀምሪ፣ ደስ ላለሽ አበባ፣ ለከበደሽ ድንጋይ" አለችኝ። የልጅ ጨዋታ መሰለኝና ሳቅኩ። የገመዱን ጫፍ ጠቅልላ ተወችው፣ ገና ያልኖርኩት ነው አለች። አንቺ የተወለድሽበት ላይ ሦስት አበባ አደረግኩ። ለእሳቱ ድንጋይ አደረግኩ። ትልቁን ድንጋይ ግን ሳላስበው ያስቀመጥኩት "አክስቴ" ያልሽኝ ቀን ላይ ነው። አትዘኚ እሺ? ስሄድ አራት ዓመትሽ ነበር፣ በምን ታውቂኛለሽ።

ከዚያ በየቀጠሮው በተራ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የእሳቱ ቀን ላይ ስንደርስ ግን አላስዘለለችኝም። ምን ታያለሽ? ምን ይሸታል? እጅሽ የት ነው? ስትለኝ አላበኝ፣ ልወጣም ተነሳሁ። "አሁን የት ነሽ? መስኮቱን እዪው" አለችኝ። አየሁት፣ ባጃጅ ያልፋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የጻፈችውን አነበበችልኝ፣ የተሳሳተችውን አረምኩ። ሲያልቅ ወረቀቱን ሰጠችኝ። መጀመሪያው መስመር ላይ የራሴ ስም ነው ያለው።

ነገሩን ስታስረዳኝ እንዲህ አለችኝ፦ የሚያስፈራ ነገር ጭንቅላት ውስጥ ሲቀመጥ ሽታውና ድምፁ ይቀራል፣ ቀኑና ቦታው ግን ይላቀቃል። ለዚህ ነው ቀጭ ሲል ዛሬ የሆነ የሚመስለው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ሲወራ ቀኑ ተመልሶ ይለጠፍበታል። ዘዴውን ያወጡት ጀርመን አገር ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች ናቸው። ኡጋንዳ ውስጥ የስደተኛ ሰፈር ይኖሩ በነበሩ ሱዳናውያን ላይ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ ታትሟል፤ ታሪካቸውን እንዲህ ከተናገሩት ውስጥ ከዓመት በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸው 29 በመቶ ናቸው፣ ሌላ ዓይነት ምክር ካገኙት ግን 80 በመቶ አካባቢ። ሰዎቹ ጥቂት ነበሩ፣ 43 ብቻ። እኔን ሙሉ በሙሉ ለቀቀኝ አልልሽም። ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ ነው። ሽታው ግን ሄዷል።

አንድ ነገር ደግሞ ራሴው ያሰብኩት አለ። ለቅሶ ቤት አስቢው። አንዱ ገብቶ ይቀመጣል፣ "እንዴት ሆነ?" ይላል፣ የሞተበት ሰው ከመጀመሪያው ያወራል። ሌላው ይገባል፣ እንደገና። ሰልስት ሲደርስ ሃያ ጊዜ ተወርቷል፣ ወሬው መጀመሪያና መጨረሻ አግኝቷል። ድሮ ይሄ ልማድ ሰው ማድከም ይመስለኝ ነበር። አንቺ ግን ጥቅምት ላይ ጓደኛሽ ስትቀበር እጅሽ በጀሶ ታስሮ ሆስፒታል ነበርሽ። አባይ በረሃ መኪናው ሲገለበጥ አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ "እንዴት ሆነ?" ያለሽ ግን ከትራፊክ ፖሊስ በቀር የለም። እኛ ቤት ደግሞ "እንኳን ተረፍሽ" ብለን ዘጋነው።

ያኔውኑ አስጨንቄ ባለመጠየቄ ግን አልጸጸትም። አደጋ ከደረሰ በኋላ ሰውን ወዲያው አስቀምጦ አውራ ማለት እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱን እንደሚጎዳ ባለሙያዎች ይናገራሉ። አሁን ግን ስድስት ወር ሞላው። ማውራት ከከበደሽ ጻፊው። ፔኔቤከር የሚባል አሜሪካዊ ተማሪዎችን አራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ የከበዳቸውን እንዲጽፉ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ነው። የጻፉ ዕለት ከፍቷቸው ነበር፣ በኋላ ባሉት ወራት ግን ክሊኒክ የሚሄዱበት ቁጥር ቀነሰ። ከሱ በኋላ የሞከሩ ሰዎች ጥቅሙ ትንሽ ነው ብለዋል፣ ቢሆንም ደብተር ውድ አይደለም። እንዳትተኚ የሚያደርግሽን ግን ብቻሽን አትግፊው፣ ግቢያችሁ ውስጥ አማካሪ ካለ ሂጂ። ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብተሽ እንዳታወሪ ብቻ! ከማያውቁሽ ሰዎች "አይዞሽ" ስትለቅሚ ታመሻለሽ፣ ስድቡም አይቀርም።

የጓደኛሽ እናት እየደወሉ ስለ አንቺ ይጠይቁኛል። መጨረሻ ላይ ምን ስታወሩ እንደነበር ማወቅ የሚፈልጉ ይመስለኛል፣ አፍ አውጥተው ግን አላሉኝም። ሂጂ አልልሽም። ቀኑን አንቺ ታውቂዋለሽ።

እኔ ግን ቅዳሜ እመጣለሁ። እንጀራውን ለእትዬ አስረክቤያለሁ። በአባይ በኩል ነው የምመጣው፣ የመስኮት ወንበር ቆርጫለሁ። የት ቦታ እንደሆነ ካላስቸገረሽ ከዚያ በፊት ንገሪኝ፣ እዚያ ስደርስ እደውልልሻለሁ፣ ምን እንደሚታይ እነግርሻለሁ። ካልፈለግሽ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ገመድ ይዣለሁ፣ የልብስ ማስጫውን ነው የቆረጥኩት። ድንጋዩን ጣና ዳር እንለቅማለን። አበባ እዚያ አይጠፋም አይደል?

እናትሽ