ኦቾሎኒ መብቀሉንማ ይበቅላል፤ ማፍራቱ ግን በአፈሩ ነው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በጓሮ አትክልት ዓምዳችሁ ኦቾሎኒ በማንኛውም አፈር የሚበቅል፣ እንክብካቤም የማይሻ ተክል መሆኑን አነበብሁ። መብቀሉን አልክድም። ነገር ግን ለዚህ ተክል መብቀልና ማፍራት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ እኔም ይህን ያወቅሁት አዳማ በሚገኘው ጓሮዬ አንድ ሙሉ ክረምት ካባከንሁ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ዘር የዘራሁት ለጽጌረዳ ብዬ በጋሪ አስመጥቼ በደለደልሁት ጥቁር ዋልካ ላይ ነበር። ዘሩን ያደለን ባለሙያ ዩሪያ እንድንጨምር ስለ መከረን ጨመርን፤ ተክሉም እስከ ጉልበት አድጎ ጎረቤት ሁሉ የሚያደንቀው ሆነ። በጥቅምት መጨረሻ ልነቅለው ስስብ ግን ግንዱ ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ፤ እንደ ጡብ የደረቀው አፈር ፍሬውን ይዞ አስቀረ። በዶማ ቆፍሬ ያወጣሁትም ቢሆን አብዛኛው ቅርፊት ብቻ ነበር፤ ስጫነው ተንኮሻኩሾ ይከፈታል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ባለሙያው በዘሩ አሳበበ፤ እኔም አምኜ ዝም አልሁ።

ባቢሌ አካባቢ ያደገ ወዳጄ ግን ስለ ዘሩ አንድም ቃል ሳይጠይቀኝ ከመደቡ አንድ እፍኝ አፈር ዘገነ፤ ውኃ ጠብ አድርጎ በመዳፉ መካከል እንደ ገመድ ካድቦለቦለው በኋላ ቀለበት አድርጎ አጠፈው። አፈሩ አልተሰነጠቀም። «ይህ ለሸክላ ሠሪ ነው» አለኝ። በእነርሱ አገር ኦቾሎኒ የሚዘራበት አፈር አሸዋ የበዛበት፣ ሲያድቦለብሉት የሚፈረካከስ ነው።

ምክንያቱ ተክሉ የሚያፈራበት መንገድ ነው። ቢጫዋ አበባ ከምድር በላይ ትፈካለች፤ ከረገፈች በኋላ ከነበረችበት ቦታ መርፌ የመሰለ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ቁልቁል ይወርድና አፈር ውስጥ ይገባል፤ ፍሬው የሚያብጠው በዚያ ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። መሬቱ ከጠነከረ ዘንጉ ሳይገባ ይደርቃል። ሌላም አለ። ተክሉ በሥሩ የሚስበው ካልሲየም ከውኃው ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል እንጂ ከቅጠል ወደ ፍሬው እምብዛም ስለማይወርድ፣ ፍሬው የሚያስፈልገውን ካልሲየም የሚያገኘው በቀጥታ ከከበበው አፈር ነው። ካልሲየም ሲያንሰው ቅርፊት ይሠራና ባዶውን ይቀራል። ዩሪያውም ቢሆን አላስፈላጊ ነበር፤ ኦቾሎኒ እንደ ባቄላና አተር በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያገኝ፣ ዩሪያ ሲበዛበት ትርፉ ቅጠል ነው።

በማግስቱ ዓመት ዋልካውን ከመደቡ አንሥቼ፣ የጓሮዬን ነባር አፈር ከወንዝ አሸዋና በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ቀላቅዬ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሠራሁ። ያልተቆላ ዘር በሰኔ አጋማሽ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ዘራሁ፤ ማበብ ሲጀምር ካልሲየም ያለበትና ሌላ ቅልቅል የሌለበት ጀሶ በካሬ ሜትር 50 ግራም ያህል ግንዱ ዙሪያ በትኜ አፈር አስታቀፍሁት። ከዚያ በኋላ መኮትኮት አቆምሁ፤ የገባውን ዘንግ መኮትኮቻ ይቆርጠዋልና። በጥቅምት መጨረሻ አንዱን ነቅዬ ፈለፈልሁ፤ የቅርፊቱ ውስጥ ጠቁሮ ነበር፣ ይህም የመድረሱ ምልክት ነው። የቀሩት ያለ ዶማ በእጅ ብቻ ተነቀሉ።

ከአፈሩ ሌላ ዓምዱ የዘለለው ሙቀትን ነው። ኦቾሎኒ ቆላ ወዳድ ስለሆነ፣ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ የአዲስ አበባ አንባቢዎቻችሁ ትክክለኛውን አፈር ቢያዘጋጁም እንኳ ብዙ ባይጠብቁ ይሻላቸዋል። ፍሬውንም ስንነቅል ወዲያው በፀሐይ አድርቀን፣ ነፋስ በሚያገኘው ዕቃ ማስቀመጥ ይገባናል፤ በእርጥበት የሚመጣው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ለጉበት መርዝ ነው፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

አሸዋና ኮምፖስት የሚቀላቀለው ዝናቡ ሳይጀምር በደረቁ ስለሆነ፣ እርማቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ